የእናቴ የደረት ራጅ

ቤር ሼቫ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአቶ መንበሩ
ጎንደር

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። በስልክ መናገር ያቃተኝ ነገር ስላለ፣ ነገ ወደዚያ ለሚነሳው ለጀምበሩ ይህን ወረቀት ሰጠሁት። የጎረቤታችን ልጅ፣ ሐኪሙ፣ ለዕረፍት ከመምጣቱ በፊት ይድረስዎ ብዬ ነው። መነጽርዎን አድርገው ብቻዎን ያንብቡት፤ እህቴ እንድታነብልዎ አይስጧት።

መጀመሪያ የሥራዬን ልንገርዎ። ሪሺዮኑ፣ የሙያ ፈቃዱ ማለቴ ነው፣ ወጣልኝ። ለአዲስ ገቢዎች በተከፈተው ትምህርት ቤት፣ በኡልፓን፣ ዕብራይስጥ ተምሬ፣ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያሸግሁ፣ ማታ ማታ ለፈተናው እያጠናሁ የጠበቅሁት ወረቀት አንድ ቀን በስልኬ ገባ። ደስታው ይመጣል ብዬ ትንሽ ቆየሁ። ሳይመጣ ሲቀር ወደ ካርቶኔ ተመለስኩ። አሁን በራጅ ክፍል ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። እዚህ ፊልም የለም፤ ሥዕሉ ወዲያው ኮምፒውተር ላይ ይወጣል። ለሲቲ ስልጠናም ተመዝግቤያለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ኤምአርአይ። አለቃዬ ሐጋር «ገና ወንበሩን ሳታሞቀው» ትለኛለች። ቁጭ ማለት አልችልም አባባ። ቁጭ ስል ነው የሚመጣብኝ።

ባለፈው ሰኞ እማማ የሻሽወርቅ የሚባሉ እናት ለደረት ራጅ መጡ። በአማርኛ ሰላም ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«የእኛ ልጅ ነህ?»

«ነኝ እማማ።»

«ተመስገን። ያቺ በር ላይ ያለችው ልጅ አደነቆረችኝ። ዕብራይስጡ አልገባኝ ሲል ድምጿን ጨመረች፤ ጩኸት የሚያስተረጉም ይመስል።»

ሳቅሁ። ደረታቸውን አስጠግቼ፣ ትንፋሽ አስይዤ አነሣኋቸው። ሥዕሉ ወጣ። አየሁት።

«እህ፣ ምን አየህ?»

«ሐኪሙ ይነግርዎታል።»

«አንተስ ዓይን የለህም?»

«አለኝ እማማ። መናገር ግን ለእኔ አልተፈቀደም።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ይሁን፤ አልተፈቀደልኝም ማለት ደግ ነው» አሉ። «አገር ቤት ሳለን ባሌን ሐኪም ቤት አንዱ ‹ደህና ነህ፣ ሂድ› ብሎ ሰደደው። አምነን ከርመን ቀበርነው። ያ ሰው እንዲያ በማለቱ ምን አገኘ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።»

ጎንበስ ብዬ ጫማቸውን አሰርኩላቸው። ከዚያ ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።

ያ ሰው ምን እንዳገኘ አላውቅም። እኔ ያገኘሁትን ግን አውቃለሁ።

እማዬ ያ ሳል አልለቅ ሲላት ልምምድ ወደምሠራበት ሐኪም ቤት የወሰድኋት ጊዜ ትዝ ይልዎታል። በምሳ ሰዓት፣ ያለ ካርድ፣ ሐኪም ሳያዝዝ እኔው አነሣኋት። ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ ሳደርገው በቀኝ ሳንባዋ ላይ የሎሚ ያህል ነጭ ነገር ነበረበት። ልጅ ነበርክ፣ አላወቅህም ይሆናል እንዳይሉኝ፤ በዚያው ወር የተፈተንኩት በዚሁ ነበር። «ንጹሕ ነው፣ ብርድ ነው» አልኳት። ለእርስዎም እንዲሁ አልኩ። ለሐኪም አላሳየሁትም። ወደዚህ ለመብረር አስራ ሁለት ቀን ቀርቶኝ ነበር። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

እዚህ በገባሁ በስምንተኛው ወር አጎቴ ከሽማግሌዎች ጋር በማለዳ በሬን አንኳኳ። የእማዬን ሞት ሲያረዱኝ አለቀስኩ። ሰው ሲረዳ የሚያደርገውን ሁሉ አደረግሁ። በሳምንቱ መጋዘን ገባሁ። እስከ አሁንም እንደዚያው ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ።

የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ ሐጋርን ጠየቅኋት። ያኔ ቢታወቅ ሴትዮዋ ይድኑ ነበር ወይ አልኳት። «እሱን ሐኪም ይወቀው፤ የእኛ ሥራ ማንሳት እንጂ ማንበብ አይደለም» አለችኝ። ለአንድ ቀን በዚህ ልሸፈን ሞከርሁ። አልሸፈነኝም። እኔ ዝም አላልኩማ፤ ተናግሬያለሁ።

እርስዎ ደግሞ ያንን ፊልም መስኮቱ ላይ ለጥፈው፣ ለገባ እንግዳ ሁሉ «ልጄ ያነሣው ነው» እያሉ ያሳያሉ። ለጎረቤታችን ልጅ ለሐኪሙም እንደሚያሳዩት ባለፈው በስልክ ነገሩኝ። «ሥራህን የሚያውቅ ሰው ይየውልህ» አሉኝ። ድምፅዎ ደስ ብሎት ነበር። እሱ መብራት እንኳ አያስፈልገውም፣ ቆሞ ያውቀዋል። ከእሱ አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

ፊልሙን አያውርዱት አባባ። ያሳዩት። ማን አነሣው ካለ ስሜን ይንገሩት። ማን ንጹሕ ነው አለ ካለም ስሜን ይንገሩት። ትድን ነበር ወይ ብለው ይጠይቁት፤ መልሱን ለእኔ መንገሩን ወይ መተዉን እርስዎ ያውቃሉ።

በጀምበሩ እጅ ሹራብ ልኬልዎታለሁ፤ ብርዱ ሳይጠና ይልበሱት። እህቴን ይሳሙልኝ። ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ወረቀት በጻፍሁ ቁጥር መጨረሻው ላይ «ይመርቁኝ» እላለሁ። ዛሬ አልልም። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ
ቢምረው