ከአጥር ማዶ ሆኜ ለቀበርኳት ለታንዲ

ታንዲዬ፣ ሆዴ፣

በጦር ሰፈሩ በር ላይ ጭምብላችንን ሳናወልቅ ተቃቅፈን ከተለያየን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። አማርኛ ማንበብ እንደማትችይ አውቃለሁ። ይህን በእንግሊዝኛ ስጀምረው ግን የቢሮ ማመልከቻ እየመሰለ አስቸገረኝ፤ ማመልከቻ ደግሞ መሮኛል።

ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። ከሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ስመለስ አሁንም በአንቺ በኩል ያለውን መብራት ነው መጀመሪያ የማበራው።

ስለ እነዚያ አራት ቀናት ልንገርሽ። ወታደራዊ መኪናችሁ ከድልድይ በወደቀ ማግስት አንድ መኮንንና የሠራዊቱ ቄስ እናትሽ ቤት፣ ቮስሎሩስ ድረስ ሄደው አረዷቸው። ወደ እኔ የመጣ የለም። ስለዚህ ለአራት ቀን እኔ ዘንድ በሕይወት ነበርሽ። መልእክት እልካለሁ፤ ሳይደርስሽ ሲቀር «ኔትወርክ የለም» እላለሁ። ከፎርድስበርግ ገበያ የምትወጂውን ቴምር ገዛሁልሽ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ኮቴሽን ሰማሁ፤ ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ቆም። «መጣሽ?» ብዬ ወጣሁ። ማንም የለም። ከተማው ሲዘጋ ዝምታው ሰውን ያቃዠዋል ብዬ ሳቅሁ። ዛሬ የሚያስፈራኝ ያ ሳቅ ነው።

የነገረችኝ ሌራቶ ናት፤ ከአንቺ ጋር የሞተው ሳጅን እጮኛ፣ በሽኝታችሁ ቀን አብራኝ የቆመችው። ልታጽናናኝ ደውላ «ቄሱ አንቺ ጋ መቼ መጡ?» አለችኝ።

«የትኛው ቄስ?» አልኳት።

ዝም አለች። ለእኔ የሞትሽው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ሌራቶን አልቀየምኳትም። የእነሱም ጋብቻ ገና አልተመዘገበም ነበር፤ የእኛ የፊርማ ቀጠሮ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ በወረርሽኙ ተዘግቶ ነው የቀረው። እሷን ግን በሳጅኑ ቀብር ላይ «የሟች ባለቤት» ብለው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ ባንዲራውን አጣጥፈው ጉልበቷ ላይ አኖሩላት። በአንቺ ቀብር ላይ እንዲገቡ የተፈቀደላቸውን ሰዎች ዝርዝር የያዘው መኮንን ስሜን ፈልጎ አጣው።

«ምኗ ነሽ?» አለኝ።

ስምንት ዓመት አብሬሽ ኖሬ፣ ታንዲ፣ «አንድ ቤት ነው የምንኖረው» አልኩት። ፎርድስበርግ ላሉት ያገሬ ሰዎች የምሰጠው መልስ ሳላስበው አመለጠኝ። «ቤተሰብ ብቻ» ብሎ ወረቀቱን አጠፈው። ይቅር በይኝ። እሱ አንድ ቀን ነው የከለከለኝ፤ እኔ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ደብቄሻለሁ።

ከአጥሩ ማዶ ሆኜ አየሁ። ወታደሮቹ ሁሉ ጭምብልና ነጭ ጓንት ስላደረጉ ፊት የሚባል የለም፤ አስከሬንሽን የተሸከሙት ዓይኖች ብቻ ነበሩ። አንዷ ወታደር በአረማመዷ ቁርጥ አንቺን መሰለችኝ፤ የገዛ ሳጥንሽን ተሸክመሽ የምትሄጂ መሰለኝ። የክብር ተኩሱ ሲሰማ እናትሽ ዞር ብለው ወደ አጥሩ አዩ። ከዚያ ፊታቸውን መለሱ።

ከቀብርሽ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት እሑድ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። ከአንቺ የተላከ የድምፅ መልእክት ነበር። ስከፍተው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። «ሰኒ፣ ደኅና ነን። ነገ መንገድ እንወጣለን። ስመጣ ቀጥታ ሄደን እንፈርማለን፣ እሺ?» ትያለሽ። ከዚያ ትንፋሽሽ ብቻ ይሰማል። ከስምሽ ሥር «ኦንላይን» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ «እየጻፈ ነው» አለ። የቀበርኩት ሰው ሲጽፍልኝ እያየሁ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አንቺ ነሽ?» ብዬ ጻፍኩ።

ጽሑፉ ቆመ። ብዙ ቆይቶ እንደገና ጀመረ። «እናቷ ነኝ» አለ።

ስልክሽን ከዕቃሽ ጋር አስረክበዋቸው ኖሯል። ቻርጅ አድርገው ሲከፍቱት ያልተላከው መልእክትሽ በራሱ ወጣ፤ በአራቱ ቀናት የላክሁልሽም ሁሉ ተግተልትሎ ገባ። የሚስጥር ቁጥርሽ የእሳቸው የልደት ዓመት ነበርና ከፍተው አነበቡት። «ስምንት ዓመት ጓደኛዋ ናት እያልኩ ዓይኔን ጨፍኜ ኖርኩ» ብለው ጻፉልኝ። «ነገ ነዪ።»

ሄድኩ። አልጋሽ ጫፍ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን እስኪመሽ ድምፅሽን ሰማን።

የሠራዊቱ ቢሮ ባለቤትሽ ብሎ እንዲመዘግበኝ ያስገባሁትን ሦስተኛ ማመልከቻም መልሶታል፤ በወረቀታቸው ላይ ዛሬም ምንሽም አይደለሁም። ባለፈው ወር ግን ሠራዊቱ ያዘጋጀው የመታሰቢያችሁ ሥርዓት ነበር። በሩ ላይ «ቤተሰብ ብቻ» ሲሉኝ እናትሽ ክንዴን ያዙ። «ይቺ ማኮቲዬ ናት» አሏቸው፤ ምራቴ ማለታቸው ነው። «እሷ ካልገባች እኔም አልገባም።» መኮንኑ ዝርዝሩን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ መንገድ ለቀቀ። ወንበር አልተያዘልኝም ነበር። ሌራቶ ጠጋ አለችልኝና አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሆነን ተቀመጥን።

ስምሽ ሲጠራ ተነሥቼ ቆምኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ «ባለቤቷ ነኝ» አልኩ።

ታንዲዬ፣ ይህን ደብዳቤ በአማርኛ፣ በስሜ አወጣዋለሁ፤ ያገሬ ሰው ያንብበው። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ማን ነበረች ለሚለኝ ሁሉ፣ ዓይኔን ሳልሰብር፣ ስምሽንና ምኔ እንደነበርሽ እነግረዋለሁ።

ባለቤትሽ፣
ሰናይት