ለጎሚስታ አየር ማስተማር

አሰላ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለፅዮን ፍሰሐ
ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ

ልጄ፣ እንዴት ከርመሻል? ኢብሳስ? ሁለት ዓመት ሞልቶት ቤቱን እንደሚያተራምስ ሰምቻለሁ፤ ያተራምስ፣ የእናቱ ልጅ ነው። እኔና እናትሽ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። የዘንድሮ ብርድ ግን ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

ይህን የሚያደርስልሽ ያው መስከረም ላይ የላካችሁትን ዕቃ ያመጣልን የእናትሽ የወንድም ልጅ እዮኤል ነው። "ጋሼ፣ በዚህ ዘመን ደብዳቤ?" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። በጥቅምት በስልክ የላክሁልሽን ክፉ ቃል በዚያው በስልክ ልጠግነው ብል እጄ እንቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለእኔ አልደወልሽም። ለእናትሽ ስትደውይ በሩ ሥር ቆሜ ድምፅሽን እሰማለሁ። አልፈርድብሽም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንዴት እንዳጠፋሁም ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ከጎበሳ ከተማ ማዶ ያለውን ግድብ ታስታውሺዋለሽ። ዝዋይ ዳር ያደገ ሰው ውሃ ሲያይ እጁን ይበላዋል። መኪና የሚደርሰው እስከ መንገዱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓት በእግር። ጀልባ የለም። ዳሩን ደግሞ ቄጠማ ወርሶታል፤ ከመሬት ሆኜ መንጠቆ ብወረውር የማጠምደው ቄጠማ ብቻ ነው። ወደዚያ ስሄድ በጎበሳ ማለፍ ግድ ነው፤ የባልሽ አባት የሰኢድ ሱቅ ጋ ስደርስ ፊቴን ወደ ሌላው ወገን አዞር ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ አለፍኩ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ይዞ ደጄ የመጣን ሰው፣ ሃይማኖታችን ለየቅል ነው ብዬ ውሃ እንኳ ሳላቀምስ መልሼዋለሁና ዓይኑን የማይበት ዓይን አልነበረኝም።

አምና በከባድ መኪና ከመነዳሪ፣ በጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ የራሴን መንሳፈፊያ ሠራሁ። መሐሉ ላይ ጆንያ ሰፍቼ መቀመጫ አደረግሁለት። መግባቱስ ገባሁ። መውጣቱ ነው ጉዱ! ድፍን ክብ ስለሆነ እንደ ቡሽ ተወትፌ ቀረሁ፤ ቫልቩ ጎኔን ሲፈገፍገኝ ዋለ። ማሳው ከግድቡ የሚዋሰነው ዱሬሳ በጠፍር ጎትቶ አወጣኝ። ይህን ለእናትሽ ነገርኳት፣ እሷ ለአንቺ፣ አንቺ ለባልሽ። መስከረም ላይ ያ ጥቅል መጣ።

እውነቱን ልናገር፣ ያማረ መንሳፈፊያ ነበር። ፊቱ እንደ ፈረስ ኮቴ ክፍት ስለሆነ ሰው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ገብቶ እንደ ሰው ይወጣል። ግራና ቀኙ አየሩ ለየብቻ ነው፤ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ይይዛል። በጀርባ የሚታዘልበት ማንገቻ አለው። እስከ ደረት የሚደርስ ውሃ የማያስገባ ሱሪ አለ፣ የዳክዬ እግር የመሰለ መቅዘፊያ ጫማ አለ። አብሮትም በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነበረ። ጽሕፈቱ ያንቺ አልነበረም። እናትሽ "ስለ አየር አሞላሉ ነው የሚለው" ስትለኝ፣ "ለቀባሪው አረዱት! ሠላሳ ስምንት ዓመት ጎማ የሞላሁትን ሰውዬ?" ብዬ ወረቀቱን ወረወርኩት።

እንግዲህ ጎሚስታ ነኝና በቀትር ፀሐይ ሱቄ በር ላይ በኮምፕሬሰር ሞላሁት። በጣቴ አንኳኳሁት፤ ድምፁ ልክ ነው። ከጀርባ ያለውን ሦስተኛውን ክፍል ትራስ መስሎኝ ተውኩት። በማግስቱ ማለዳ ውሃው ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ይህ ነገር የሚሄደው ወደ ኋላ ነው! እግሬን ባወራጨሁ ቁጥር ጀርባዬ ይቀድማል። ዱሬሳ ከዳር ሆኖ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ "ኦቦ ፍሰሐ! ሰው እኮ ወደሚያይበት ነው የሚሄደው!" እኔም ሳቅሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው። መሐል ስደርስ ጎኑ እየለሰለሰ፣ እየተሸበሸበ መጣ፤ ውሃው ከወገቤ ወደ ብብቴ ወጣ። ልጄ፣ ፈራሁ። ጌታዬን ጠራሁ፣ ቀጥሎ ዱሬሳን ጠራሁ። ያ ደግ ሰው ያንኑ ጠፍሩን ይዞ ደረቱ ድረስ ገብቶ ወረወረልኝ።

ቤት መጥቼ ሦስት ቀን ሙሉ ቀዳዳ ፈለግሁ። በርሜል ውስጥ ነከርኩት፣ በሳሙና ቀባሁት። አንዲት አረፋ አልወጣችም። በመጨረሻ የመቀመጫው ጨርቅ ትንሽ ተፈግፍጎ አየሁ። በቃ፣ ምክንያት አገኘሁ! "ባልሽ የተጣለ አሮጌ ዕቃ ልኮ ሊያሰጥመኝ ነበር፤ ከእሱ ሌላ ምን ይጠበቃል" ብዬ የጻፍኩልሽ ያኔ ነው።

እናትሽ ግን የወረወርኩትን ወረቀት አንስታ አስቀምጣው ኖሯል። ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከአምልኮ ስንመለስ ያንን ወረቀት ከመጽሐፍ ቅዱሷ መሐል አወጣችው። "ወይ አንተ አንብበው፣ ወይ እኔ ጎረቤት እስኪሰማ ላንብብልህ" አለች። መነጽሬን አደረግሁ። አንቺ ያየሽው አይመስለኝም፤ ስለዚህ ቃል በቃል ልገልብጥልሽ።

"ይድረስ ለአባባ ፍሰሐ። ስለ አየር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ያገራችን ውሃ ብርድ ስለሆነ ግን ላስታውስዎ ብዬ ነው። በፀሐይ የተሞላ አየር ብርድ ውሃ ላይ ሲደርስ ይጨማተራል፣ ቀዳዳ ሳይኖረው ይለሰልሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ላይ አሥር ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያ በእጅ ፓምፑ ይጨምሩበት። ሲወጡ ፀሐይ ላይ አይተዉት፣ ጥቂት ያስተንፍሱለት። የጀርባውን ክፍል አይርሱ፤ ነፍስዎን የሚይዘው እሱ ነው። ፅዮን እኔና እርስዎ በቁመትም በክብደትም እኩል መሆናችንን ስለነገረችኝ፣ ከመላኬ በፊት እኔ ራሴ አንድ ወር ሞክሬዋለሁ። መቀመጫው ትንሽ የተፈገፈገው ለዚህ ነው፤ አዲስ ልገዛልዎ አስቤ ነበር፣ ያልሞከርኩትን ለእርስዎ መላክ ግን ፈራሁ። እባክዎ ብቻዎን አይግቡ። ነስረዲን ሰኢድ።"

ፅዮን፣ አለቀስኩ። እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ ወረቀቱ እንዳይርስ ከእጄ ወሰደችው። ስሙን በአፌ ጠርቼው የማላውቅ ልጅ፣ ክብደቴን በገዛ ገላው መዝኖ፣ እኔ እንዳልሰጥም አንድ ወር ውሃ ውስጥ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ ደግነቱ ያሳረፈውን ምልክት አይቼ ሰደብኩት።

ባለፈው ረቡዕ ተመልሼ ሄድኩ። ነስረዲን እንዳለው ውሃው ላይ አቆየሁት፤ እውነትም ተሸበሸበ። ጨመርኩበት። ዱሬሳ ከዳር፣ እኔ ከመሐል፣ እስከ እኩለ ቀን ሰባት ቆሮሶ ዓሣ ያዝኩ። እጅ የሚሞሉ! ወደ ቤት ስመለስ ጎበሳ ላይ ፊቴን አላዞርኩም። መኪናውን አስቆሜ ወረድኩ።

ሰኢድ ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ነበር። "ሽማግሌ ሆኜ መጣሁ" አልኩት።

"ለማን?"

"ለራሴ።"

እሱም፣ "ሦስቴ መልሰኸኛል ኦቦ ፍሰሐ። እኔስ አንዴ ልመልስህ?" አለኝ።

"ይገባኛል" አልኩ።

"የያዝከው ምንድን ነው?"

"ዓሣ።"

የዚያን ጊዜ ሳቀ። ገባውና ነው። ሥጋ ቢሆን የእስላም፣ የክርስቲያን ተባብለን ማዕድ እንለይ ነበር፤ ዓሣ ግን የማንም ቢላ ሳይባርከው ለሁለታችንም የተፈቀደ ነው። የነስረዲን እናት ጠበሰችው። እኔና ሰኢድ፣ ልጆቻችን ከተጋቡ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ከአንድ ትሪ በላን። እሾሁን እየለቀመ ሥጋውን ወደ እኔ ወገን ያደርግልኝ ነበር። ስነሳ እሱ ዱዓ አደረገ፣ እኔም ጸለይኩ፤ ሁለታችንም አሚን አልን።

ነስረዲን ልጄ፣ ይህን ፅዮን ታነብልሃለች። ይቅር በለኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለፋሲካ ኢብሳን ይዛችሁ ኑ። ቦሌ ድረስ የምንቀበላችሁ እኔና አባትህ ነን፤ በአንድ መኪና እንመጣለን። እሱም ውሃ ላይ ካልተቀመጥኩ እያለ ነው፤ ከእኔ ወፈር፣ አጠር ያለ መሆኑን አትርሳ።

በሠርጋችሁ ቀን ቤቴን ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። ዛሬ ተነስቼ ቆሜ ነው የምጽፈው፦ ውለዱ፣ ክበዱ። ቤታችሁ ይሙቅ፣ እንጀራችሁ ይባረክ። እንደ እኔ ያለ ግትር ሽማግሌ እንኳ የሚመለስበት ደጅ ይኑራችሁ። አሜን።

አባታችሁ
ፍሰሐ