ከቲነር ጋር የኖሩት የአቶ በሱፍቃድ ይርዳው የሕይወት ታሪክ

አቶ በሱፍቃድ ከአባታቸው ከአቶ ይርዳው ገብሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደሚቱ ቶላ በ1951 ዓ.ም. በወሊሶ አቅራቢያ ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ የተወለደው ነጋ ነው፤ ስለ እሱም እናነሣለንና ልባችሁን አዘጋጁ።

አባታቸው ቀድመው ስላረፉ በ1963 ዓ.ም. አጎታቸው ወደ ልደታ አመጧቸው። ቀን ሱቅ እየጠበቁ ማታ እየተማሩ ስድስተኛ ክፍል ደረሱ። «ትምህርቱ አልጠላኝም፣ ያሸነፈኝ እንቅልፉ ነው» ይሉ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ገብተው የመኪና ቀለም ሥራ ተማሩ። በ1979 ዓ.ም. ልደታ በሚገኘው ግቢያቸው የራሳቸውን ሥራ ከፈቱ፤ ለቀለም ቀቢዎችም ቲነር ይሸጡ ጀመር። ነጋንም አስመጥተው ሙያውን አስያዙት። በ1982 ዓ.ም. ወይዘሮ ጊፍቲን አግብተው ረድኤትንና ቃለአብን ወለዱ።

ይህ ሥራ ያለ ቲነር አይሆንም። የወፈረውን ቀለም የሚያቀጥነው፣ መርጫውን የሚያጥበው እሱ ነው። ሲያዩት ውሃ ይመስላል። ክፍት ከተተወ ግን ቶሎ ይተናል፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል። እሳት ካገኘ ነበልባሉ በሄደበት መንገድ ተመልሶ ዕቃው ድረስ ይመጣል።

በ1991 ዓ.ም. ክረምት ነጋ ዝናቡ እንዳይገባበት በሩን ዘግቶ መርጫ ያጥብ ነበር። ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ ጎረቤት ለምሳ ከሰል አያያዘች። ትነቱ በግድግዳው ሥር ሾልኮ ከሰሉ ዘንድ ደርሶ ነበርና እሳቱ በዚያው ተመልሶ ነጋን ያዘው። ሰው ደንግጦ ውሃ ደፋበት፤ የቲነር እሳት ደግሞ በውሃ ላይ ተንሳፍፎ ይሰፋል። አቶ በሱፍቃድ ወንድማቸውን በእጃቸው ጎትተው አወጡት። ነጋ ሆስፒታል ከገባ በኋላ አረፈ። የእሳቸውም ጣቶች ከዚያ ወዲህ በደንብ አልታጠፉም። ጎረቤታቸውን ክፉ ቃል አልተናገሯትም። «እሷ ምሳ ነው የሠራችው» አሉ፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢዘንብም በራቸው ክፍት ሆነ። አሸዋ በባልዲ ሞልተው አጠገባቸው ያስቀምጡ ነበር። በውሃ ፕላስቲክ ቲነር ለመውሰድ የመጣውንም ይመልሱታል። አንዱ ጎረምሳ «ጋሼ፣ ቲነር ነው እኮ የጠየቅሁዎት፣ እንደ ጠበል አከበዱብኝ» ቢላቸው፣ «ጠበል ቢሆንማ በዚሁ እቀዳልህ ነበር። ልጅህ ሲጠማው ይሄን አንሥቶ ቢጠጣስ?» ብለው ባዶውን ሰደዱት። ልጁ ተሳድቦ ሄደ፤ በማግስቱ ግን ክዳን ያለው የቆርቆሮ ዕቃ ይዞ መጣ።

ድካሙ ቀስ በቀስ ገባባቸው። እጃቸው ይሰነጣጠቅ፣ ራሳቸውን ይወቅራቸው፣ ያዞራቸው ነበር። አፍንጫቸውም ሽታ መለየት ተወ፤ ወጥ ሲያር እንኳ አያውቁም። አፍ መሸፈኛ ማድረግ የጀመሩት ዘግይተው ነው፤ በወጣትነታቸው ማን ነገራቸው?

በ2017 ዓ.ም. ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ አንድ ጭንቀት ያዛቸው። መጋዘኑ ውስጥ አንድ በርሜል ቲነር ቀርቶ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ዕድርተኛው እዚያው ግቢ ድንኳን እንደሚተክል፣ ንፍሮ ለመቀቀልም እንጨት እንደሚያነድ ያውቃሉ። «በእኔ ለቅሶ ሰው እንዳይቃጠል፣ በርሜሉን አውጡልኝ» እያሉ ለመኑ። ጊፍቲ እንቢ አለች። «ዕቃህን ካወጣሁማ ለምን ትነሣለህ?» እያለች ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትዞር ነበር። ማንም አልፈረደባትም። እሳቸው ግን እንቅልፍ አጡ።

አንድ ጠዋት ከአልጋ ወርደው ግድግዳ ተደግፈው ወደ መጋዘኑ ሲያዘግሙ አገኘቻቸው። ያን ጊዜ ቋጠሮውን ፈታች። የሙያ ጓደኛቸው አቶ በከር በርሜሉን ጭነው ከከተማ ውጭ ወዳለው መጋዘናቸው ወሰዱ፤ ቲነር የነካቸው ጨርቆችም ተለቅመው ወጡ። በርና መስኮቱ ተከፍቶ ሰነበተ። አቶ በሱፍቃድ አፍንጫቸው ስለማይነግራቸው ሚስታቸውን ይጠይቁ ነበር፤ «ጊፍትዬ፣ ሽታው ሄደ?» «ገና ነው» ትላቸዋለች። አንድ ቀን ግን ወለሉ ድረስ ጎንበስ ብላ አሽትታ ተመለሰችና «ሄዷል፣ በሱፍቃድ» አለቻቸው። ያን ቀን እስኪመሽ ተኙ።

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጅ ትተውልናል።

ልጆቼ፣ ከቀብር ስንመለስ ግቢው ውስጥ ንፍሮ ተጥዶ ይጠብቀናል። እሳቱን አትፍሩት፤ እሳቸው አስበውበት ጨርሰዋል። ቀረብ ብላችሁ ሙቁ፣ ጊፍቲንም ከመሀላችሁ አስቀምጧት። ለእሷ ብርታቱን፣ ለእሳቸው ነፍስ ንጹሕ አየር ያለበትን ማረፊያ እግዚአብሔር ይስጥልን። አሜን።