አባባ በረዶውን ያልለኩበት ዓመት

ለማከብርህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለጋሼ ደውለት፦

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የካራቺ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እትዬ ሳፊዳስ ወገቧን ተሻላት ወይ? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። አባባም ጉልበታቸውን ከሚያማቸው በቀር ደህና ናቸው። ደህና ናቸው ስልህ ግን ግማሹን እየዋሸሁ ነው፤ ስልኩን ትቼ ወረቀት የያዝኩትም ለዚሁ ነው። ስደውልልህ አጠገቤ ተቀምጠው ይሰማሉ።

እዚያ ያሉት የመንደራችን ልጆች አባባን «ሻምቢ አረጁ፣ በውሃው ተሳሳቱ» ብለው ሳይነግሩህ አይቀሩም። እንዳታምናቸው። ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ።

አባባ በየዓመቱ ብርዱ ሊወጣ ሲል ወደ ላይኛው ግጦሽ ወጥተው የአካፋቸውን እጀታ ሦስት ቦታ በረዶው ውስጥ እንደሚሰኩ ታውቃለህ። የረጠበውን በጭብጣቸው ለክተው የላይኛው እርከን ይዘራ ወይም ጦሙን ይደር ብለው ለመንደሩ ቃል ይሰጣሉ። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ከጊልጊት ከተማ ለእረፍት ስመጣ የጫማቸውን ማሰሪያ ሲያጠብቁ ደረስኩ። ጉልበታቸው አብጧል። አንጀቴ አልቻለም። አይድከሙ፣ ዘንድሮ እኔ በሳተላይት አይቼዋለሁ አልኳቸው። የእንጀራዬ ነገር ይኸው ነው፤ የበረዶውን ሥዕልና የአየሩን ሙቀት ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብቼ ወንዙ በየወሩ ምን ያህል ውሃ እንደሚያወርድ አሰላለሁ። ሥዕሉ ላይ ተራራው ከአናቱ እስከ እግሩ ነጭ ነበር፤ ሂሳቡም ውሃው እስከ ሐምሌ ይበቃል አለ። አባባ ማንበብ ሳይችሉ ወረቀቱን ገለባብጠው አዩና «ልጄ ካለ አለ ነው» ብለው ጫማቸውን አወለቁ። እንዴት ደስ ብሏቸው እንደነበር ብታይ!

ለካ ያ ሁሉ ነጭ በዚያው ሳምንት የወረደ ስስ በረዶ ኖሯል። ሳተላይቱ ስፋቱን እንጂ ውፍረቱን አያይም። ይህን ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ወጥቼ መለካት ስችል ሥዕሉ አማረኝና ተውኩት።

አሥራ ስምንት ቤት በአባባ ቃል የላይኛው እርከን ላይ ድንች ዘራ። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ናዝኒን ለዘር ያስቀመጠችውን አንድም ሳታስቀር እዚያ ቀበረችው። ግንቦት ላይ ቦዩ ሁለት ሳምንት ሞልቶ ፈሰሰ፤ ሰኔ ሲገባ ቀጠነ። ከላይ ያለው ግግር በረዶ እንኳ ቀልጦ እንዳይደርስልን ሰማዩ በደመና ተዘጋ፣ ብርድ ሆነ። ድንቹ አበባ ሳይዝ ደረቀ።

መንደሩ ሲሰበሰብ ኩርባን ተነሳ። አፉን ታውቀው የለ? «ሻምቢ፣ ዘንድሮ በረዶውን በሕልምህ ነው እንዴ የለካኸው?» አለ። ሰው ሳቀ። አባባ ቀና ብለው «ወጥቻለሁ፣ ለክቻለሁ፣ ተሳስቻለሁ» አሉ። ሲዋሹ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ ነበር። አልተነሳሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት የያዙትን የውሃ ዳኝነት ከነአካፋው እዚያው ለኩርባን አስረከቡ።

ወደ ቤት ስንመለስ ምነው አባባ አልኳቸው። «የኔ ቃል ከእንግዲህ ስንት ዓመት ሊያገለግል ነው? ያንተን ግን ገና ይፈልጉታል። ሰው አንዴ ከሳቀብህ አይሰማህም» አሉኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ወዲህ ቦዩ ጋ ሄደው አያውቁም፤ ግቢ ውስጥ የአፕሪኮቱ ዛፍ ሥር ይውላሉ። ሰውም ስለ ውሃ አያማክራቸውም።

ትናንት ናዝኒን ጋ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «አባትህ ወደ ግጦሹ የሚወጡት በደጄ ነው። ዘንድሮ አላለፉም። ስብሰባው ላይ ልናገር ስል በዓይናቸው ለመኑኝ፣ ዝም አልኩላቸው። አንተን ማን ለመነህ?»

ጋሼ፣ አርብ ከጸሎት በኋላ መንደሩ ፊት ተነስቼ እናገራለሁ። አባባ ይቀየሙኝ ይሆናል፤ ኩርባንም አካፋውን አይመልስም። አንተ ብቻ እዚያ ላሉት ንገርልኝ፤ አባታችን አልተሳሳቱም፣ ልጃቸውን አመኑ እንጂ።

እትዬ ሳፊዳን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ። ትልቋን ዘይባን፣ አመለኛውን ፋርማንንና ገና ያላየኋትን ሕፃን በየስማቸው ሳምልኝ። እናታችን በየጸሎቷ ትጠራሃለች። አባባም ሰላም በልልኝ ብለዋል፤ የጻፍኩትን ግን አላነበብኩላቸውም።

ታናሽ ወንድምህ ኒያመት

ጉልዳር መንደር፣ ሁንዛ ሸለቆ
ነሐሴ 4 ቀን 2015 ዓ.ም.