በሃምሳው የሚጾም ቄስ

ገነተ ማርያም፣ ግንቦት ፲ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ጎንደር ሕክምና ለምትማረው ለወንድሜ ለሸጋው፣

ጤናህ እንደ ደጃችን ወይራ ለምልሞ ሰነበተ? እኛ ማርያም ትመስገን ደኅና ነን። በልጉ ሰምሯል፣ ላሟም ወልዳለች።

ስለ ሆዳቸው ዕጢ የላክኸውን ደብዳቤ ለአባታችን አነበብሁላቸው። ምግብ ሆድ ሲገባ ጋስትሪን የሚባል ሆርሞን እንደሚነቃ፣ ዕጢ ያሳድጋል ተብሎም እንደሚጠረጠር የጻፍኸውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም።

«አባባ፣ እርስዎ ቄስ ነዎት፤ በሃምሳው ይጾማል ወይ?» አልኋቸው።

«እኔ መች ጾምሁ፤ ዕጢውን ነው የማስርበው» አሉኝ።

መታጠቂያቸው ድሮ ሁለት ዙር ነበር፣ አሁን ሦስት ይዞራቸዋል።

ትናንት ደግሞ «እህል ካጣ ምን ይበላል? ሸጋውን ጠይቂልኝ» አሉ።

መልሱን በደብዳቤ አትላከው። የሰኔ ጾም ሳይገባ ራስህ ይዘኸው ና።

እመ ብርሃን በመንገድህ ትቅደምልህ።

እህትህ ፀሐይቱ