በእድር ቤት ፊደል የቆጠሩት የጥሩምባ ነፊው የአቶ ደምሌ ንጋቱ የሕይወት ታሪክ

አቶ ደምሌ ከአባታቸው ከአቶ ንጋቱ ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የኔነሽ አለሙ በ1951 ዓ.ም. በስማዳ ተወለዱ። ቄስ ትምህርት ቤት ሦስት ወር እንደዋሉ አባታቸው በመሞታቸው ሞፈር ጨበጡ፤ ፊደሉም በዚያው ቀረ።

በ1976 ዓ.ም. ወይዘሮ ዓለምጸሐይን አግብተው አራት ልጆች አፍርተዋል። ኋላም ንፋስ መውጫ ገብተው በጉልበት ሥራ ሲተዳደሩ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ነበርና እድሩ ጥሩምባ ነፊ አደረጋቸው። የሟች ስም የተጻፈበት ወረቀት ሲሰጣቸው «መነጽሬን ረስቼ» እያሉ መንገደኛ ያስነብቡ ነበር። መነጽርስ ኖሯቸው አያውቅም።

በግንቦት 2006 ዓ.ም. ማታ መንገደኛ ያነበበላቸውን የሁለት ወረቀት ስም አምታቱ። አንዱ የአቶ ወርቅነህን ሞት፣ ሌላው በአቶ መሐሪ ቤት የሚደረገውን ስብሰባ የሚያስታውቅ ነበር። ማለዳ ተነሥተው «አቶ መሐሪ አረፉ» ብለው ለፈፉ። ወይ ጉድ! እድርተኛው ደረቱን እየመታ ቢደርስ በሩን የከፈቱት ራሳቸው አቶ መሐሪ ናቸው። የአቶ ወርቅነህ አስከሬን ደግሞ በዚያው ጠዋት ለቀብር ወደ እስቴ ይሄድ ነበር። ቤተሰቡ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሰው ጠፋ፤ አራት ሰው አንሥቶ መኪና ላይ ጫነው። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲቀብሩ የኖሩት አቶ ወርቅነህ ሸኚ አጡ።

አቶ ደምሌ ጥሩምባውን ለእድሩ ዳኛ መልሰው ቤት ዋሉ። ሽማግሌ ቢልኩም የሟች ልጅ መምህርት ፍቅርተ እምቢ አሉ።

መምህርቷ የጎልማሶች አስተማሪ ናቸው። ጎልማሳው በልጆች ወንበር መቀመጥ አፍሮ ክፍላቸው ባዶውን ስለዋለ፣ ትምህርቱን ወደ እድር ቤት አመጡት። ማስተማሪያቸው የእድርተኛው የስም መዝገብና ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው የሙሾ ግጥም ሆነ። የሚያስተምሩት የሌላ ሰው አባት እንዲህ እንዳይሸኝ እንጂ ይቅር ብለው እንዳልሆነ በግልጽ ተናገሩ። አቶ ደምሌ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ከፊት ተቀመጡ። መጀመሪያ አጣርተው ያነበቡት «ወርቅነህ» የሚለውን ስም ነው፤ አንብበውም ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደብተራቸው ታረመ፤ «ደህና ዋሉ» ግን አልተባሉም።

በ2009 ዓ.ም. እድሩ ለምኖ ጥሩምባውን መለሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ሳያነቡ ከቤት አይወጡም ነበር፤ ባለቤታቸው እስኪሰለቹ ድረስ።

በኩላሊት ሕመም ሲማቅቁ ቆይተው መዳን እንደሌለ ሲያውቁ፣ ያስጨነቃቸው ሳይታረቁ መሞት ብቻ ነበር። በገዛ እጃቸው የይቅርታ ደብዳቤ ጽፈው ለመምህርት ፍቅርተ ላኩ። መምህርቷ ሦስት ቀን አሰቡበት። ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት ይቅር ሊሉ ደጁ ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሏል። አቶ ደምሌ ጎሕ ሲቀድ በ67 ዓመታቸው አርፈው ነበር። መምህርቷ አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክከው «ይቅር ብያለሁ» አሉ። እኛ የአቶ ደምሌ ባለቤት፣ አራት ልጆቻቸውና ሰባት የልጅ ልጆቻቸው ሰማን። እሳቸው አልሰሙም።

ያ ቃል ባሉበት ይድረሳቸው። አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።