ወባ ነው የተባለው ሞትህ

አካሌ ካሳዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። አልማዝ ልጃችን በቁመት አልፋኛለች። ጋራዥህን ታናሽ ወንድምህ ሽመልስ ይዞታል፤ እኔው ዘንድ ነው የሚያድረው። ከደሴ የሚመጡ ሾፌሮች መርሳ ሲደርሱ አሁንም አንተን ይጠይቃሉ። «ወባ ወሰደው» ይሏቸዋል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም እል ነበር።

ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፤ በጭነት መኪኖች በር ላይ የተጻፈውን በጣትህ እያሳየህ። በኋላ አረቄው ያዘህ። መጀመሪያ ከሥራ መልስ ነበር፤ ኋላ ጠዋት ሳትቀምስ መፍቻ መጨበጥ አቃተህ። ሰው «ጥጋብ ነው» አለ። ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ «እኔ መች ጠጣሁት፤ እሱ ጠጣኝ እንጂ» ያልከኝን ግን ማን ሰማ?

አባትህ ለክፋት አላደረጉትም። ወደ ጉባ ላፍቶ፣ ገጠር ቤታቸው ወሰዱህ፤ «ጥቂት ቀን ካልቀመሰ ይተወዋል» ብለው የእህል ጎታ ካለበት ክፍል አስገብተው ቆለፉብህ። እኔን ወደ በሩ አላስጠጉኝም። ስታቃስት፣ ግድግዳውን ስትመታ፣ ከውጭ ሆኜ እሰማ ነበር። ዝም ስትል «ተኛ» አሉ። ሲከፍቱ በሕይወት የለህም። ሰካራም ሞተ እንዳይባል ወባ ተባለ። በለቅሶህ ላይ እንኳ የሞትክበትን ጠርቼ ማልቀስ አልቻልኩም፤ ሁሉም አፌን ይጠብቅ ነበር።

አንተ ከሞትክ ወዲህ ሽመልስም መጠጡ ጸናበት። ዘንድሮ አባትህ ቁልፍ ይዘው ሊወስዱት መጡ። ጎረቤት ተሰብስቦ ያያል። ደጃፉ ላይ ቆምኩና «አባባ፣ ካሳዬን ወባ አልገደለውም። ታሞ ሳለ ዘግተንበት ነው የሞተው። ይሄኛውን ይተዉልኝ!» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሰማ። አባትህ እዚያው ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ።

በማግስቱ እኔ፣ አባትህና ሽመልስ በአውቶቡስ ወልድያ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ «በሽታ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከተከለከለ ሊገድለው ይችላል። ቀስ ብሎ ነው የሚተወው፤ ሰው አይለየው» አለን። አባትህ «ምነው ያኔ የሚነግረን በነበረ» አሉ።

አልዋሽህም፣ ሽመልስ አልዳነም። ደህና ሰነባብቶ ደግሞ ይወድቃል፤ ከመንገድ ደግፌ አመጣዋለሁ። አልማዝን ለልጃቸው ያጯት ሰዎች «የሰካራም ዘር» ብለው ቀሩ። እሷም ከቤት መውጣት ጠልታለች። አውቶቡስ ወደ ደሴ ሲያልፍ ተሳፍሬ መጥፋት ያምረኛል። እነዚህን ለማን ጥዬ? መኪናው ያልፋል፣ እኔ እቀራለሁ።

ባለፈው ገበያ የማላውቃት ሴት ደጃፍ ላይ የተናገርኩትን ሰምታ ከውርጌሳ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «የኔም ባል እንደ ባልሽ ነው፤ ወንድሞቹ ዘግተውበታል። ምን ላድርግ?» አለችኝ። ዘንቢሌን ለጎረቤት ሰጥቼ አብሬያት ሄድኩ። ወንድሞቹ ተቆጡ፣ ሰደቡኝ። ያየሁትን ሁሉ፣ ያንተን ነገር፣ ስምህን ጠርቼ ነገርኳቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ ከፈቱለት። ሰውየው በሕይወት ነበር።

ካሳዬ፣ እኔ እያለሁ አትረሳም። አልማዝም ወደፊት የምትወልዳቸው ልጆችም የሚያውቁህ በአረቄው ብቻ አይሆንም። ሲሪንቃ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ አሮጌ መኪና አስነስተህ፣ ጥላሸት በጥላሸት ሆነህ፣ አምባሰል እያንጎራጎርክ ወደ ቤት ትመጣ የነበርከውን፣ ያንን ካሳዬን እነግራቸዋለሁ።

ሚስትህ ዘውዴ